የኦንላይን ቼስ መዝገባችሁን ማንበብ፦ ከጎንደር ተጫዋቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ ቡና ቤት ተቀምጠን የሰው ጨዋታ ስናገላብጥ ደጋግመው ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች የተሰበሰበ ነው፤ ከቀላሉ ይጀምራል።

ስልኬ ላይ ያለው የሬቲንግ ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ግምት ነው። «ይህ ሰው ከዚያኛው ጋር ቢገጥም ምን ያህሉን ነጥብ ይወስዳል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ግምት። ስሌቱን የቀመረው ትውልደ ሃንጋሪው አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ሲሆን፣ የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ድል አንድ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ሆኖ ሲቆጠር፣ ተጋጣሚውን በ100 የሚበልጥ ሰው ከመቶ 64 ያህል ነጥብ ይጠበቅበታል፤ በ200 የሚበልጥ 76፣ በ400 የሚበልጥ ደግሞ 91።

ስለዚህ በ200 ከሚያንሳችሁ ሰው ጋር አራት ጊዜ ብትቀመጡ አንዷ ነጥብ የእሱ ናት። «እንዴት በእሱ እሸነፋለሁ!» ብሎ ስልኩን ሶፋ ላይ የወረወረ ሰው አውቃለሁ። ስልኩ ተርፏል፤ ሬቲንጉ ግን በዚያው ማታ ንዴቱን ሲወጣ ተንኮታኮተ።

ሊቼስ ላይ 1700፣ ቼስ ዶት ኮም ላይ 1400 ነኝ። እውነተኛው የቱ ነው?

ሁለቱ ቼስ በኦንላይን የሚጫወቱባቸው ገጾች ናቸው፤ ቁጥሮቹም በየቤታቸው እውነተኛ ናቸው። በጣሳ የተሰፈረን ጤፍ በኪሎ ከተመዘነው ጋር አታወዳድሩትም። ሊቼስ አዲስ የገባን ሁሉ 1500 ላይ ያስቀምጣል፤ ቼስ ዶት ኮም ደግሞ ሲመዘገቡ በመረጡት ደረጃ ያስጀምራል። ተጫዋቾቹም አንድ አይደሉም። በእኛ ዓይነቶቹ መካከለኛ ተጫዋቾች ዘንድ የሊቼሱ ቁጥር በመቶዎች ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው።

ከቁጥሩ ጎን የጥያቄ ምልክት ካለ ደግሞ ስሌቱ ራሱ ገና እርግጠኛ አልሆነም ማለት ነው። ሊቼስ የሚጠቀምበት የማርክ ግሊክማን ቀመር፣ ግሊኮ 2፣ ከሬቲንጉ ጋር የጥርጣሬውንም መጠን ይመዘግባል። ብዙ ስትጫወቱ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ ስትጠፉ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ ትንሽ ይቸኩላል።

ድሌና ሽንፈቴ እኩል ነው። አልተሻሻልኩም ማለት ነው?

አይደለም። ገጹ ሆን ብሎ አቻችሁን ፈልጎ ያገናኛችኋል። ስትሻሻሉ የሚገጥሟችሁ ሰዎችም አብረው ይከብዳሉ፤ የድል መጠናችሁም ተመልሶ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። መሻሻል የሚታየው በዚህ መቶኛ ሳይሆን በተጋጣሚዎቻችሁ አማካይ ሬቲንግ ነው። ከዓመት በፊት ከማን ጋር ነበር ግማሽ ግማሽ የምትካፈሉት? ዛሬስ?

80 በመቶ የሚያሸንፍ መዝገብ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ማንን እንዳሸነፈ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ተጋጣሚ እየመረጠ ነው።

በጥቁር ስጫወት የምሸነፈው ለምንድን ነው?

በትልልቅ ተጫዋቾች ጨዋታም ነጭ ከመቶ 54 ገደማ ነጥብ ይወስዳል። ትንሽ ልዩነት ቢኖር የተፈጥሮ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስንት ጨዋታ እንደቆጠራችሁ ንገሩኝ። በ50 ጨዋታ ውስጥ ዕድል ብቻውን ውጤቱን ወደ 43 ወይም ወደ 57 በመቶ ሊገፋው ይችላል። በ20 ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ «ጥቁር አይሆነኝም» ማለት በአንድ ሳምንት ዝናብ የክረምቱን አዝመራ መተንበይ ነው። ሁለት ሦስት መቶ ጨዋታ ቆጥራችሁ ልዩነቱ ያኔም ሰፊ ከሆነ እንነጋገርበታለን።

የአጨዋወት ስልቴን እንዴት ነው የማውቀው? እኔ በበኩሌ አጥቂ ነኝ።

አጥቂ ያልሆነ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሁሉም አጥቂ ነው፣ ወይም ደግሞ «ረጋ ያልኩ፣ ቦታ የምይዝ» ነው። ስልት ግን የሚታየው ያሰቡት ሲሳካ አይደለም፤ ሲከሽፍ ሰውየው በሚያደርገው ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጣሊያንኛውን አጀማመር ታውቁታላችሁ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)፦ ወታደር ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ቢሾፕ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ6። እዚህ ላይ ወጣቶቻችን ፈረሳቸውን ወደ ጂ5 ይወረውራሉ፤ ዓይናቸው ኤፍ7 ላይ ነው። ጥቁር በዲ5 ይመልሳል፤ ነጭ ወታደሩን ይበላል። ጥቁር ያንኑ ወታደር በፈረሱ መልሶ ከበላ ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋና ንጉሡን ወደ መሀል ሜዳ ይጎትተዋል። ፈረንጆቹ ይህን ጥቃት «የተጠበሰ ጉበት» ይሉታል፤ በምሳ ሰዓት ባይነሳ ይመረጣል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አጥቂ ነው።

ነገር ግን ትንሽ ያጠና ጥቁር ወታደሩን አይበላም፤ ፈረሱን ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን ይጠይቃል። ነጭ በቢሾፑ ቢ5 ላይ ቼክ ይላል (ንጉሡን ያስፈራራል)፣ ጥቁር በሲ6 ይዘጋል፣ ወታደር በወታደር ይበላላል። አሁን ነጭ አንድ ወታደር አትርፏል፤ ፈጥኖ የሚወጣውና የሚያስጨንቀው ግን ጥቁር ነው። «አጥቂው» ለቀጣዮቹ አሥርና አሥራ አምስት እርምጃዎች መከላከል ሊኖርበት ነው። መዝገቡን የማነበው እዚህ ነው። ያተረፈውን ወታደር ይዞ በትዕግሥት ያፈገፍጋል? ወይስ «እኔ እኮ አጥቂ ነኝ» እያለ ንግሥቱን ብቻዋን ይልካታል? ያየኋቸው አብዛኞቹ ሁለተኛውን ያደርጋሉ። እነዚህ ሰዎች አጥቂዎች አይደሉም፤ መከላከል የማይወዱ ናቸው። ሁለቱ ይለያያሉ።

በለንደን ሲስተም የሚጀምሩትም ያው ናቸው። ዲ4፣ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ኢ3፣ ሲ3 ብሎ ያንኑ ግንብ በየጨዋታው የሚደረድር ሰው ራሱን ረጋ ያለ ይለዋል። ሰዓቱን ስታዩ ግን የመጀመሪያዎቹን ስምንት እርምጃዎች በ10 ሰከንድ ጨርሶ፣ ተጋጣሚው ያልተለመደ ነገር ሲያመጣ አራት ደቂቃ ቆዝሟል። ይህ መርጋት አይደለም፤ የአጀማመሩ ትምህርት ያለቀበት ቦታ ነው።

ቡሌት መጫወት ጨዋታዬን ያበላሸዋል?

ለብቻው ከሆነ አዎ እላለሁ፣ ብዙዎች ባይስማሙኝም። በአንድ ደቂቃ ጨዋታ የሚሰለጥነው እጅ ነው። ለመሻሻል ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ቢቻል 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን እመርጣለሁ። ስያሜው እንዳያደናግራችሁ ግን፦ ሊቼስ የመነሻውን ሰዓትና የ40 እርምጃ ጭማሪን ደምሮ ከ3 ደቂቃ ጀምሮ ከ8 ደቂቃ በታች የሆነውን ብሊትዝ፣ ከዚያ እስከ 25 ደቂቃ ያለውን ራፒድ ይለዋል። ፊዴ ደግሞ 10 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆነውን በሙሉ ብሊትዝ ነው የሚለው። ስለዚህ ያለ ጭማሪ 10 ደቂቃ ተጫውቶ «የራፒድ ተጫዋች ነኝ» የሚል ሰው እንደ ቤቱ ነው።

መቼም ጥድፊያው አዲስ አይደለም። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ በባህላዊው የኢትዮጵያ ቼስ፣ ጨዋታው የሚጀምረው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ነበር፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ሰንጠረዥ በዚሁ በጎንደር ቤተ መንግሥትም እንግዳ አልነበረም፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ሚሲዮናዊ ሬሚዲዩስ ፕሩትኪ ለዳግማዊ ኢያሱ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች አንዱ የሰንጠረዥ መጫወቻ ነበር። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። አባቶች በወረራው ይጣደፉ እንጂ አጨራረሱ ላይ ክብር ይጠይቁ ነበር፤ በደካማ ጠጠሮች ማሸነፍ ይመሰገናል፣ በኃይለኞቹ ማሸነፍ ግን ውበት የጎደለው ተደርጎ ይታይ ነበር። በቡሌት የሚያሸንፍ ሰው በሰዓት ማለቅ ማሸነፉን ቢነግራቸው ምን ይሉት ነበር?

ድክመቴን በምን ልለይ?

በደብተር። ስልኩን ሳይሆን ባለ ካሬ ደብተር አውጡ፤ በመጨረሻ የተሸነፋችሁባቸውን 20 ጨዋታዎች አንድ በአንድ ክፈቱና፣ ኮምፒውተሩን ሳትጠይቁ ጨዋታው ያመለጠበትን አንድ እርምጃ ፈልጉ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ «አላየሁም»፣ «አላወቅሁም»፣ «ሰዓት አለቀብኝ»፣ «ተናድጄ ነበር»። በየጨዋታው አንድ ጭረት። የመጨረሻው ዓምድ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ጨዋታው ከቀደመው ሽንፈት በኋላ ወዲያው የተጀመረ መሆኑን ሰዓቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያሳፍረው እሱ ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ችግሬ አጀማመር ነው» ብሎ መጣ። ስለ ሲሲሊያን መከላከያ፣ ስለ አንዱ የጥቁር አጀማመር፣ ብዙ ቪዲዮ አይቷል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጭረት ስንጭር ቆየን። «አላወቅሁም» የሚለው ዓምድ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ «አላየሁም» ግን መስመሩን አልፎ ወደ ጠርዙ ሄደ። ከመካከላቸው አንዱን አልረሳውም። ጥቁር ነበር፤ ንጉሡ ጂ8 ላይ፣ ከፊቱ ኤፍ7፣ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ሦስት ወታደሮች፣ ኋላውን የሚጠብቀው ኤ8 ላይ ያለው ሩክ ብቻ። ኤ2 ላይ ነፃ ወታደር አየ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀርቶት ነበር፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሩኩን ልኮ በላው። የነጭ ሩክ ከዲ1 ዲ8 ገባ፤ ቼክሜት።

«አይቼው ነበር እኮ!» አለ። አይቶት ነበር፤ ከአምስት እርምጃ በፊት። ኋለኛው መስመር ሲጠበቅ ደህና መሆኑን አይቶ፣ ጠባቂውን ሲያነሳው ደግሞ ማየቱን ረሳ። መድኃኒቱ ሲሲሊያን አይደለም። ከመንካቱ በፊት «ይህን ባነሳው ምን ይጋለጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ በዚያ ላይ በየቀኑ 15 ደቂቃ የታክቲክ እንቆቅልሽ፤ በፍጥነት ሳይሆን መልሱን እስከ መጨረሻው በአእምሮ ተጫውቶ።

ኮምፒውተሩ «ትክክለኛነት 92 በመቶ» ብሎኝ እንዴት ተሸነፍኩ?

መቶኛው አማካይ ነው። 35 እርምጃ አሳምራችሁ ሄዳችሁ በ36ኛው ንግሥታችሁን ብትሰጡ አማካዩ አሁንም ያምራል። ጨዋታው ቀላልና ጠጠሩ ቶሎ የተቀያየረ ከሆነ ደግሞ ማንም ከፍተኛ ቁጥር ያገኛል፤ ውስብስብ ከሆነ ጎበዙም 75 ሊያገኝ ይችላል። ሁለት ጨዋታ በዚህ ቁጥር አታወዳድሩ።

ስቶክፊሽን የመሰለ ፕሮግራም ሲመረምር ልዩነቱን በወታደር መቶኛ (በአንድ ወታደር ዋጋ አንድ መቶኛ) ይለካል። የ0.3 ወታደር ልዩነት ለእኛ ትርጉም የለውም። የግምገማው መስመር በሁለት ወታደር ያህል ዘጭ ያለበትን ቦታ ብቻ ፈልጉ፣ እዚያ ቆሙ፣ ለምን እንደሆነ በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ። ሌላውን እለፉት።

መብራት ወይም ኔትወርክ እየጠፋ የተሸነፍኩትንስ ልቁጠረው?

ሬቲንጉ ይቆጥረዋል፤ እናንተ በደብተሩ ላይ አትቁጠሩት። ገጾቹ ትንሽ መዘግየትን በከፊል ያካክሳሉ እንጂ መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ሰዓታችሁ መሮጡን አያቆምም። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰከንድ የሚጨመርበት ጨዋታ ለእኛ ከተማ የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ኔትወርክ በማይኖርበት ሰዓት የሊቼስ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ከኮምፒውተር ጋር ያጫውታል። የጠፋ መብራትን ግን የሽንፈት ሁሉ ሰበብ አታድርጉት፤ በአንድ ወር ውስጥ አሥር ጊዜ መብራት የጠፋባችሁ ሁሌም ልትሸነፉ ስትሉ ከሆነ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም።

አሸንፌ የጨረስኩት ጨዋታ አቻ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ በስቴልሜት ነው። ተጋጣሚያችሁ ንጉሡ ብቻ ቀርቶ ኤች8 ላይ ተቀምጧል፤ እናንተ ንግሥት አላችሁ። ንግሥቷን ጂ6 ላይ ብታስቀምጡ ጂ7፣ ጂ8 እና ኤች7 ተዘጉ፤ ንጉሡ ግን ቼክ የለበትም፤ የሚሄድበትም የለውም። አቻ። ግማሽ ነጥብ ከእጅ ወደቀ። በንግሥትና በንጉሥ ማት ማድረግን ያለ ሰዓት ሠላሳ ጊዜ ብትለማመዱ ይህ ዳግመኛ አይደርስባችሁም።

ሁለተኛው ምክንያት የሩክ ፍጻሜ ነው። ፊሊዶር የሚባለውን የመከላከያ አቀማመጥና ሉሴና የሚባለውን የማሸነፊያ ዘዴ ሁለት ቅዳሜ ሰጥታችሁ ተማሩ። ሰው ለአጀማመር ወራት ይሰጣል፤ ለእነዚህ ለሁለቱ ግን ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይነፍጋል።

ተጋጣሚዬ ኮምፒውተር እየተጠቀመ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ምን ላድርግ?

ጥቆማ ላኩና ወደሚቀጥለው ጨዋታ ሂዱ። ገጾቹ በራሳቸው ዘዴ ይመረምራሉ፤ ጥፋተኛው ሲታገድ የተወሰደባችሁን ነጥብ የሚመልሱበት አሠራርም አላቸው። ነገር ግን ልንገራችሁ፦ «እርግጠኛ ነኝ» ተብለው ከመጡልኝ ጨዋታዎች በብዙዎቹ ተጋጣሚው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ ከሳሹ ደግሞ ሦስት ጊዜ።

ሬቲንጌ ለወራት ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ አለ። ስልቴን ልቀይር?

አይ። መጀመሪያ የጨዋታችሁን ቁጥር ቀንሱ። በቀን 25 ብሊትዝ የሚጫወት ሰው ያንኑ ስሕተት በቀን 25 ጊዜ ያጠነክራል። በቀን ሁለት ረጅም ጨዋታ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ አሥር ደቂቃ ምርመራ። ሁለት ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ ስልኩ ይዘጋል፤ ይህን ሕግ የምትጥሱት ከመጥፎ ቀኖቻችሁ በአንዱ እንደሚሆን ከወዲሁ እወቁት።

አጀማመር መቀየር ደግሞ ከቤት ወደ ቤት እንደመዛወር ነው። ዕቃው ያው ነው፤ የተሰበረውም ወንበር አብሮ ይሄዳል። ዓምዶቹ «አላወቅሁም» የሚለው ላይ ከከበዱ ብቻ ቀይሩ።

የኦንላይን ሬቲንጌን ይዤ የፊዴ ሬቲንግ ማግኘት እችላለሁ?

አይተላለፍም። የፊዴ ሬቲንግ የሚገኘው በሰሌዳ ላይ፣ በተመዘገበ ውድድር፣ ሬቲንግ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ በመጫወት ነው፤ በአገራችን መንገዱ የፊዴ አባል በሆነው የኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን በኩል ያልፋል። ከማርች 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዝቅተኛው የፊዴ ሬቲንግ 1400 ነው።

ከስልክ ወደ ሰሌዳ የሚሄዱ ሰዎች የሚደነግጡበት ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። አንደኛ፣ የነካችሁትን ታንቀሳቅሳላችሁ። ሁለተኛ፣ ከላይ ሆናችሁ የለመዳችሁት ሰሌዳ ከጎን ሲታይ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በሰያፍ ከሩቅ ጥግ የሚመጣ ቢሾፕ ከፈረሱ ጀርባ ይደበቃል። ከውድድር በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የኦንላይን ጨዋታችሁን የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየደረደራችሁ ተጫወቱ።

ጨዋታዬን እንድታይልኝ ምን ልላክ?

ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር የተረፈው ሰዓት የተመዘገበበትን ፋይል። ሁሉም በተመሳሳይ የጊዜ ዓይነት የተጫወታችኋቸው፣ ተከታታይና ያልተመረጡ 20 ይሁኑ። ከሽንፈቶቹ አጠገብ በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰባችሁ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፤ «አላስታውስም» ማለትም መልስ ነው።

ባለፈው አንድ ሰው ንግሥቱን ሠውቶ በሁለት ፈረስ ማት ያደረገበትን ጨዋታ ብቻ ላከልኝ። አምሮበታል፤ ሦስት ጊዜ አየሁት። የቀሩትን 19 አሁንም እየጠበቅሁ ነው።